የቆርች አጥርና የማዕበል ሰሌዳ

ቡራዩ ውስጥ በቆዩት ግቢዎች ዙሪያ ቆርች አጥር ሆኖ ቆሞ ታያላችሁ። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል የሚጸድቅ፣ እሾኻም፣ ቅጠሉን ሲያራግፍ ደግሞ ቀይ አበባ ለብሶ መንገደኛ የሚያስቆም ዛፍ ነው። በኦሮምኛ ወለንሱ ይሉታል። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ለምሰሶም ለማገዶም ቀድሞ የሚመረጥ አይደለም፤ አጥር ሆኖ ይኖራል።

አሁን ሐሳባችሁን ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ውሰዱልኝ። እዚያ ዊሊዊሊ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። የእጽዋት ሊቃውንት ቆርችንና ዊሊዊሊን ኤሪትሪና በሚባል አንድ ወገን ውስጥ ይመድቧቸዋል፤ የአክስትና የአጎት ልጆች እንደማለት ነው። የሃዋይ አለቆች ያን ቀላል እንጨት አስጠርበው ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ የሚደርስ ረጅም ሰሌዳ ያወጡበት ነበር። በሰሌዳው ላይ በደረታቸው ተኝተው በእጃቸው እየቀዘፉ ወደ ባሕሩ ይገባሉ፤ ማዕበል ሲመጣ ተነሥተው ይቆማሉ፤ ማዕበሉም ተሸክሞ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ዛሬ ዓለም ሰርፊንግ የሚለው ስፖርት ከዚያ የመጣ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ ሰርፍ ቦርድ ይባላል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቆርች ባጠረው ግቢ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ ሳላይ አልሄድም። አጥራችን ላይ የቆመው ዛፍ ዘመዱ ንጉሥ ተሸክሞ በማዕበል ላይ ሲሄድ ኖሯል!

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ «ባሕር የሌለን ሰዎች በሰርፍ ቦርድ ምን አገባን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሡኝ፤ በጣም ደስ የሚል ነገር ላካፍላችሁ ነው። ሰርፍ ቦርድ የሚቀርጽ ባለሙያ መላጊያውን ከማንሣቱ በፊት ውሃውን ያነባል። የሰሌዳው ርዝመት፣ ውፍረት፣ ቅስት፣ ጠርዝ፣ ጅራት ሁሉ የሚወጣው ከውሃው ነው። ይህን አንዴ ከተረዳችሁ የጣና ታንኳም፣ የሯጭ ጫማም፣ የጀበናችሁ አፍም ሳይቀር በሌላ ዓይን ይታያችኋል።

መጀመሪያ ውሃው

ማዕበል የነፋስ ልጅ ነው። ሦስት ነገሮች ያሳድጉታል፤ የነፋሱ ብርታት፣ ነፋሱ የቆየበት ጊዜ፣ ነፋሱ ሳይቋረጥ የሚሮጥበት የውሃ ስፋት። ገፈርሳ ግድብ ላይ ነፋስ ሲነሣ ውሃው ይሸበሸባል። ነፋሱ ቢበረታም ከዚያ ብዙ አያልፍም፤ ሽብሽቡ ሳያድግ ዳርቻው ይደርስበታላ። ጣና ግን 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ነፋሱ መንደርደሪያ ያገኛል፤ ወደ ገዳማቱ የሚሻገር ሰው ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ማዕበል ሽሽት በጠዋት መሄድን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ውቅያኖስ ላይ ደግሞ መንደርደሪያው በሺህ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል።

ልዩነቱን በሰዓት መያዝ ይቻላል። ዳር ቆማችሁ አንድ ማዕበል ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ ሴኮንዱን ቁጠሩ። 4 ሴኮንድ ከሆነ፣ በጥልቅ ውሃ ላይ ከአንዱ ማዕበል አናት እስከ ሌላው አናት ያለው ርቀት 25 ሜትር ገደማ ነው። 14 ሴኮንድ ከሆነ ግን ርቀቱ 300 ሜትር ያልፋል። ጊዜው ሦስት እጥፍ ተኩል ሲያድግ ርቀቱ አሥራ ሁለት እጥፍ አደገ ማለት ነው። የሐይቅ ማዕበል አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣና የሚያንገጫግጭ የሆነው፣ ከሩቅ የመጣ የውቅያኖስ ማዕበል ደግሞ እንደ ተራራ ሸንተረር ረጅምና ጸጥ ያለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማዕበሉ እንዴት እንደሚሰበር የሚወስነው ደግሞ ከሥሩ ያለው መሬት ነው። መሬት ውሃን እንዴት እንደሚያዝ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በሱሉልታ ሜዳ ላይ የወረደው ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ ይገባና ጉዞው ወደ ሜዲትራኒያን ይሆናል። ከእንጦጦ ሸንተረር ወዲህ ገፈርሳና ሰበታ ላይ የወረደው ግን መንገዱ ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በአንድ ደመና የመጡ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ሸንተረር ምክንያት ዕጣቸው ተለየ። ከባሕር በታች ያለው ሸንተረርም በማዕበል ላይ እንዲሁ ያዛል።

ማዕበል ወደ ዳር ሲቀርብ ሥሩ መሬቱን ይነካና ይዘገያል፤ አናቱ ግን መቅደሙን አይተውም። የውሃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል ሲቀር አናቱ ወደፊት ይደፋል። መሬቱ እንደ ሱሉልታ ሜዳ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ከሆነ ማዕበሉ አረፋውን እያፈሰሰ በዝግታ ይሰበራል። መሬቱ እንደ ገደል በድንገት ከፍ የሚል ድንጋይ ወይም ኮራል ከሆነ ግን አናቱ ተወርውሮ ይጠቀለልና በውስጡ ሰው የሚያስገባ ዋሻ ይሠራል።

ፍጥነቱስ? 2 ሜትር ቁመት ያለው ማዕበል በሚሰበርበት ቦታ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:11:53 ስትጨርስ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር ነበር። እንግዲህ የ2 ሜትር ማዕበል ፍጥነት የእኛ ሴት ማራቶን ሯጮች ፍጥነት ነው ብላችሁ ያዙት። የ5 ሜትር ማዕበል ግን በሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ማዕበሉን የሚጋልበው ሰው በባዶ እጁ እየቀዘፈ ይህን ፍጡር ሊይዘው ነው። ስለዚህ ለትልቅ ማዕበል የሚሠራ ሰሌዳ ረጅምና ቀጭን፣ ሲቀዘፍ ቶሎ የሚፈጥን መሆን ይኖርበታል።

አንድ ሯጭ፣ ሦስት ጫማ

ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሣር የለበሰው ሜዳዋ የአትሌቶች መሰልጠኛ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ትራክ ያሠራውም እዚያ ነው። አስፋልት ላይ ረጅም ርቀት መሮጥ ሲፈለግ ደግሞ ዝቅ ያለው የሰበታ መንገድ አለ። ሯጩ አንድ ሰው ቢሆንም ለሣርና ለጭቃ ጥርስ ያለው ሶል፣ ለትራክ ሹል የተተከለበት ቀላል ጫማ፣ ለአስፋልት የሚያነጥር ወፍራም ሶል ይመርጣል። «ጥሩው ጫማ የቱ ነው?» ብትሉት «የት ልሮጥ?» ብሎ ይመልስላችኋል።

የሰርፍ ቦርድ ቀራጭም ደንበኛው በሩን ሲያንኳኳ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ስንት ኪሎ ነህ? ስንት ዓመት ጋልበሃል? የምትጋልበው የትኛው ዳርቻ ላይ ነው? ማዕበሉ ሰነፍ ነው ወይስ ቁጡ? ታችኛው መሬት አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ? መልሱን ይዞ ወደ ሥራ ክፍሉ ይገባል።

የሥራ ክፍሉን ብታዩት ትወዱታላችሁ። መብራቶቹ የተተከሉት በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ ከሰሌዳው ከፍታ ብዙም ሳይርቁ ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ትንሿ እብጠት እንኳ ጥላ ትጥላለች፤ ቀራጩም ጥላዋን አይቶ ይልጋታል። ቡራዩ ያለ አናጢ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጣውላውን በርዝመቱ እንደሚያየው ማለት ነው። የሚቀረጸው ዛሬ በብዛት ፎም ነው፤ መካከሉ ላይ ስስ እንጨት እንደ አከርካሪ ይገባበታል። በመላጊያ ይላጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም በፋይበርግላስ ጨርቅና በሬዚን ይለበጣል። ዛሬ ኮምፒውተር ያዘዘው ማሽን ዋናውን ቅርጽ ሊያወጣው ይችላል፤ የመጨረሻውን ማለስለስ ግን አሁንም የሰው እጅ ይሠራዋል።

ቅርጹን እያንዳንዱን እንየው

ከመጠኑ እንጀምር። ውሃ ውስጥ የተደፈቀ ነገር የገፋውን ውሃ ክብደት ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ የአርኪሜደስ ሕግ ነው። 20 ሊትር የሚይዘውን ቢጫ ጀሪካን ባዶውን ክዳኑን ዘግታችሁ ውሃ ውስጥ ብትደፍቁት 20 ኪሎ ገደማ ሸክም ያነሣል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ጀማሪ ከ70 እስከ 80 ሊትር የሚሆን ሰሌዳ ይሠራለታል፤ አራት ጀሪካን በሉት። የበቃው ጋላቢ ግን ክብደቱ ያው 70 ኪሎ ሆኖ 30 ሊትር እንኳ በማይሞላ ሰሌዳ ይወጣል። አንድ ጀሪካን ተኩል መሆኑ ነው! ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ ማዕበል ሲጠብቅ እስከ ሆዱ ወይም እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ነው። ታዲያ ሲጋልብ ለምን አይሰምጥም? ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ በውሃ ላይ ሲያስነጥሩ አስታውሱ። ድንጋዩ ፍጥነት እስካለው ድረስ ውሃው ከታች እየገፋ ያነሣዋል። ጀማሪውን የሚሸከመው የሰሌዳው መጠን ነው፤ የበቃውን ግን ፍጥነቱ ይሸከመዋል።

ቀጥሎ ቅስቱ። ሰሌዳውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ከጎኑ ብታዩት አፍንጫውና ጅራቱ ከመሬት ተነሥተው ይታያሉ። ለምን እንደሆነ በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ ሁለት ጫፎቹ ብቻ ይነካሉ፣ መካከሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማንኪያ አስቀምጡ፤ ከጎድጓዳው ጋር ይስማማል። ቀጥ ብሎ የሚጠቀለል ማዕበል ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ቀጥ ያለ ሰሌዳ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይሰካና ጋላቢውን ይወረውረዋል። በዝግታ በሚሰበር ሰነፍ ማዕበል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብዙ የጎበጠ ሰሌዳ ውሃውን እየገፋ ፍጥነቱን ይጨርሳል፣ ለጥ ያለው ግን ይንሸራተታል። ቅስት ሲጨመር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቅስት ሲቀነስ መታጠፍ ያስቸግራል። የቀራጩ ጥበብ እዚህ ላይ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ሦስተኛው ጠርዙ ነው። ቡና ስትቀዱ የጀበናው አፍ ጥርት ብሎ ያለቀ ከሆነ ቡናው ተላቆ ስኒው ውስጥ ይገባል። አፉ ድቡልቡል ከሆነ ግን ቡናው አንገቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃ ድቡልቡል ነገር ላይ ይጠመጠማል፤ ከሹል ጠርዝ ይላቀቃል። በተከፈተ ቧንቧ ሥር የማንኪያ ጀርባ አስጠጉና እዩት፤ ውሃው ማንኪያውን ወደ ራሱ ይስበዋል። ቀራጩ በዚህ ጠባይ ይጠቀማል። ከሰሌዳው ፊት በኩል ጠርዙን ድቡልቡል አድርጎ ሰሌዳው ማዕበሉን እንዲይዝ፣ ከኋላ በኩል ሹል አድርጎ ውሃው ተላቆ ፍጥነት እንዲመጣ ያደርጋል።

ጅራቱ ሰፊ ሲሆን ደካማ ማዕበል ላይ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ሹል ሲሆን ደግሞ ብርቱ ማዕበል ውስጥ ጠልቆ ይይዛል። ከጅራቱ ሥር ደግሞ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚተከሉ አሉ፤ የእነሱ ታሪክ ብቻውን ጨዋታ ነው።

ቶም ብሌክ የሚባል አሜሪካዊ ሆኖሉሉ በሚገኘው የቢሾፕ ሙዚየም የሃዋዩን አለቃ የፓኪን ጥንታዊ ሰሌዳዎች አጥንቶ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ቀላል ሰሌዳ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ሰሌዳው ከኋላ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው ከሥሩ የጀልባ ክንፍ ገጠመበት፤ ሰሌዳውም አቅጣጫውን ያዘ። ከአርባ ዓመታት በኋላ ባለ ሁለት ክንፍ ሰሌዳ የዓለም ውድድር ገዢ ሆነ። አውስትራሊያዊው ሲሞን አንደርሰን ግን ግዙፍ ሰው ነበር፤ ማዕበሉ ሲበረታ ባለ ሁለት ክንፉ ሰሌዳ ሥሩ ይንሸራተትበታል። ራሱ ቀራጭ ስለነበረ ለገዛ ገላውና ለሚጋልበው ውሃ የሚስማማ ነገር ፈለገ፤ ሁለቱን ጠብቆ ከኋላ መካከል ሦስተኛ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአገሩ ቤልስ ቢች፣ በዚያው ዓመትም በሃዋይ ፓይፕላይን አሸነፈበት። ዛሬ በዓለም ዳርቻዎች ላይ የምታዩት ሰሌዳ በብዛት ባለ ሦስት ክንፍ ነው። አንድ ሰው ለአንድ ችግሩ የቀረጸው መፍትሔ የዓለም ልብስ ሆነ።

አሁን በዚህ ዓይን ታንኳን

ከሱሉልታ የሚነሣው የጎጃም መንገድ ሄዶ ሄዶ ጣና ዳር ያደርሳችኋል። እዚያ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ስታዩ አሁን የምነግራችሁን አስታውሱ።

የደንገል ዘንግ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላበት ነጭ ሥጋ፣ ላዩ ጠንካራ ልጣጭ። ከሰርፍ ቦርዱ ፎምና ፋይበርግላስ ጋር አስተያዩት። ውስጡ አየር፣ ላዩ ብርቱ ልብስ፤ አሠራሩ አንድ ነው። ተፈጥሮ ጣና ዳር ያበቀለችውን ሰው በፋብሪካ ደገመው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ይጠፈራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይደረጋል። ይህ ሙያ በተለይ በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ እጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

አፍንጫው ለምን ቀና አለ? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ የጣና ማዕበል አጭርና ተደጋጋሚ ስለሆነ ነው። ቀጥ ያለ አፍንጫ ሁለተኛው ማዕበል ውስጥ ይሰካ ነበር። መጠኑም በሥራው ይለያያል፤ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ጠባብና ቀላል፣ ማገዶና ሰው ለሚጭን ሰፊና ወፍራም። ደንገሉ እየቆየ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ከውሃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ሠሪው ስለዚህ ደጋግሞ ይሠራል፤ ባለፈው ታንኳ ላይ ያየውን ጉድለት በሚቀጥለው ያርመዋል። እንዲህ ተደጋግሞ የታረመ ቅርጽ ስንት ትውልድ እንደተማረበት አስቡት።

ጣና ውስጥ ውሃው ራሱ ሲቀርጽም ታያላችሁ። ተመራማሪዎች ላቤኦባርበስ የሚሏቸው የዓሣ ዝርያዎች በዚያ አንድ ሐይቅ ውስጥ ከ15 ያላነሱ ናቸው። በዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚመገበው፣ በመካከሉ ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚበላው፣ ከታች ጭቃ የሚፈልገው ሁሉም የገላውና የአፉ ቅርጽ እንደ ኑሮው የተለያየ ነው። ሰበታ የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ የሰበታ ወዳጆቼ ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቁት ሰው ቅርባቸው አለ።

የጣና ደንገል ውቅያኖስም አይቷል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉን ከጣና አስመጣ፤ የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎችም ግብፅ ውስጥ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ሠሩለት። ራ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘች፤ ከዚያ ግን ባርቤዶስ ሳትደርስ ጉዞው ተቋረጠ። ያሸነፋት ጅራቷ ነበር። በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከመርከቡ ቀና ካለው ጅራት ወደ መርከቡ ወለል የተወጠረ ገመድ ይታያል። ራ ስትሠራ የዚያ ገመድ ጥቅም አልታወቀምና ቀረ። ገመዱ ለካ ጅራቱን እንደ ደጋን ወጥሮ፣ ማዕበል ሲመታው እንዲተጣጠፍ፣ ግን እንዳይወድቅ የሚይዘው ነበር። እሱ ሲጎድል ጅራቱ ዘመመ፣ ውሃ ገባ፣ መርከቧ ተዳከመች።

ሄየርዳል ትምህርቱን ተቀብሎ በዓመቱ ራ ሁለትን አሠራ። አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፤ በዚህ ጊዜ ግን ሠሪዎቹ የደቡብ አሜሪካው የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች፣ አይማራዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1970 ከሳፊ ተነሥታ 6,100 ኪሎ ሜትር ገደማ በ57 ቀን ተሻግራ ባርቤዶስ ገባች። ደንገሉ ያው ነው፣ ውቅያኖሱም ያው። የአሠራራቸው ልዩነት አንዷን መንገድ ላይ አስቀረ፣ ሌላዋን ወደብ አደረሰ።

ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ ሳንወጣ አንድ ልጨምር። በፔሩ የሁዋንቻኮ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ቶቶራ ከሚባል ከደንገል ጋር በሚቀራረብ ተክል አፍንጫው ሹልና ቀና ያለ ጠባብ ታንኳ ይሠራሉ፤ በስፓኒሽ ስሙ «ትንሽ የቶቶራ ፈረስ» ማለት ነው። ጠዋት ወጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ሲመለሱ ማዕበሉን እየጋለቡ አሸዋው ላይ ይወርዳሉ። ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የጥንቱ የሞቼ ሕዝብ የሸክላ ሥራዎች ላይ እንዲህ ያለ ታንኳ ተቀርጾ ይገኛል። ፈረስ የምትወዱ የሱሉልታ ሰዎች ስሙን እንደምትወዱት አልጠራጠርም። የጣና ታንኳና የሁዋንቻኮ ፈረስ ሳይተዋወቁ ተመሳሰሉ፤ አፍንጫቸውን ቀና ያደረገው ፊት ለፊት የሚመጣው ውሃ ነውና።

ለየውሃው የየራሱ

የጥንት ሃዋያውያንም ይህን ያውቁት ነበር። ኦሎ የሚሉት ረጅምና ወፍራም የዊሊዊሊ ሰሌዳ ገና ላልተሰበረና ጸጥ ብሎ ለሚመጣ ማዕበል ነበር። አላያ የሚሉት ስስና አጭር ሰሌዳ ደግሞ ቀጥ ብሎ ለሚሰበረው። አንዱ የተንሳፋፊነት፣ ሌላው የጠርዝ ጥበብ።

በቅርቡ በኦሊምፒክ ላይም ያው ታይቷል። ሰርፊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው በቶኪዮው ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን ውድድሩ የተካሄደው ታችኛው መሬት አሸዋ በሆነበት በጹሪጋሳኪ ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪሱ ኦሊምፒክ ሰርፊንግ ግን ታሂቲ ደሴት፣ ቴአሁፖ ተደረገ። እዚያ ማዕበሉ ከጥልቁ ውቅያኖስ መጥቶ ከኮራሉ ጋር በድንገት ይላተማል፤ ወፍራምና ጎድጓዳ ሆኖ ይጠቀለላል። ለአሸዋማው ዳርቻ አጭር፣ ሰፋና ለጥ ያለ ሰሌዳ ይስማማል፤ ደካማው ማዕበል ላይ ፍጥነት የሚገኘው ከዚያ ነው። ለኮራሉ ረዘም ያለ፣ ቅስቱ የበዛና ጅራቱ የጠበበ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ የበረታው ማዕበል ፍጥነቱን ራሱ ይሰጣል፣ የጋላቢው ጭንቀት መያዝ ነው። የአንዱን ለሌላው ብታውሱት፣ ለሰበታ አስፋልት የተሠራውን ጫማ በክረምት ጭቃ ሱሉልታ ሜዳ ላይ እንደማጥለቅ ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጉልኝ። አጥር ሲከረከም የወደቀ የቆርች ቅርንጫፍ ፈልጉ። የመዳፍ ርዝመት ያላቸው ሦስት ስንጣሪዎች ቅረጹ፤ እሾኹን ተጠንቀቁ። አንዱን ለጥ ያለ፣ ሁለተኛውን አፍንጫው ቀና ያለ፣ ሦስተኛውን እንደ ሁለተኛው አድርጋችሁ ከጅራቱ ሥር ስስ ቆርቆሮ ሰክታችሁ ሥሩ። አፍንጫቸው ላይ ክር እሰሩና መጀመሪያ ሳፋ ውስጥ በረጋ ውሃ፣ ከዚያ ዝናብ ባባራ ማግሥት በጠባብ ቦይ ውስጥ ወራጁን ውሃ ወደ ላይ ጎትቷቸው። ሳፋው ውስጥ እምብዛም የማይለያዩት ሦስቱ፣ ወራጁ ላይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጠባይ ያወጣሉ።

የትኛው ጸንቶ እንደሄደ፣ የትኛው አፍንጫውን እንደደፈቀ ስትጽፉልኝ ግን ስለ እንጨቱ ብቻ አትንገሩኝ። ቦዩ ምን ያህል ጥልቅ ነበር? ውሃው ይሮጥ ነበር ወይስ ያዘግም? ሥሩ ጠጠር ነው ወይስ ጭቃ? ያን ካልነገራችሁኝ የትኛው ስንጣሪ ጥሩ እንደሆነ ልመልስላችሁ አልችልም።